መንገዱን ብቻ ክፈትልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ መስመሬ ጅቡቲ ነው። ከአዋሽ ወዲያ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ፤ ሙቀቱን የሄደበት ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ላለመቆም ብዬ ውኃ አልጠጣም ነበር። ይህን የማወራው ጥፋቱ ሁሉ የሰይጣን እንዳይመስል ነው።

አንድ ቀን ሰመራ አካባቢ ግራ ጎኔን ወጋኝ። መኪናውን ጥግ አስይዤ ጎማው ሥር ተንከባለልኩ። አዲስ አበባ ስታይ የኩላሊት ጠጠር ተባለ፣ 11 ሚሊ ሜትር። «ይህን የሚያህል በራሱ አይወርድም» ብለው ከውጭ በሞገድ የሚያደቅ ማሽን ላይ አስተኙኝ። ጎኔን ሲኮረኩመኝ ቆየና አለቀ።

ለካስ የደቀቀውም መውጣት አለበት! «ውኃ በደንብ ጠጣ፣ ሽንትህን አጥልል፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለህ ሌሊትም ቢሆን ና» አሉኝ። ባለቤቴ የሻይ ማጥለያዋን ሰጠችኝ፤ «ከእንግዲህ ወደ ኩሽና እንዳትመልሰው» ብላ። መጀመሪያ ደም የቀላቀለ፣ ቀጥሎ ቡናማ አሸዋ ወረደ። በአራተኛው ቀን ቆመ። ፍርፋሪው ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ ውስጥ ተደርድሮ መንገድ ዘግቷል። ካልወረደ በመሣሪያ ገብተው ሊያወጡት ለሰኞ ተቀጠርኩ።

እናቴ ለቅዱስ ገብርኤል ጥላ ተሳለች። እኔ እስከዚያ ድረስ «አጥፋልኝ» ነበር የምለው፤ ከእነ ሕመሙ፣ በአንዴ። የ19 ዋዜማ ሌሊት ግን ግድግዳ ተደግፌ «ገብርኤል ሆይ፣ መንገዱን ብቻ ክፈትልኝ፤ ሕመሙን እችለዋለሁ» አልኩት።

ሊነጋጋ ሲል፣ የቅዳሴው ድምፅ ከሩቅ እየተሰማ፣ ሽንት ቤት ገባሁ። ላብ አጠመቀኝ፤ ዐይኔ ጨለመ። ወዲያው ማጥለያው ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ምስር ክክ የምታክል፣ ጠርዟ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ። ተከታትለው ስድስት መጡ። በር ላይ የቆመችው ባለቤቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤቶች የወለደች መስሏቸው መጡ።

ሰኞ በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ ቱቦው ተከፍቷል። መሣሪያው ቀረልኝ።

ጥላውን አስገባን። ጠጠሮቹን በክብሪት ቤት ይዤ ለንስሐ አባቴ ሳሳያቸው «እነዚህን ደግሞ ስለት ብለህ እንዳታመጣብን» አሉኝ። አሁን ጋቢናዬ ውስጥ ከገብርኤል ሥዕል ሥር ናቸው፤ አጠገባቸው ጀሪካን ውኃ አለ። ሚሌ ሳልደርስ ግማሹ ያልቃል።