ከቴስታታው ጀርባ

መኪናዬ የ1992 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት። እዚህ አሜሪካ ሚያታ ይሏታል። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ጣሪያዋ ጨርቅ ነው። ጉልበቷ 116 ፈረስ ነው፤ ዛሬ ይሄ ለተራ የቤት መኪናም ያንሳል። ክብደቷ ግን አንድ ቶን ገደማ ነው። በቨርጂኒያ ተራሮች ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ማርሽ እየቀያየርኩ ስነዳት ከዚህ በላይ ጉልበት አያምረኝም። በጣም እወዳታለሁ። ከሥሯ ዘይት ሳይ ሆዴ የሚባባውም ለዚህ ነው።

ብዙ አልነበረም፤ ጠብታ ነው። መለኪያውን አውጥቼ ሳየው ዘይቷ ያን ያህል አልጎደለም። ግን ጠዋት ጠዋት እዚያው ቦታ፣ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሚገናኙበት ሥር፣ አስፋልቱ ረጥቦ አገኘዋለሁ። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ከፍ አድርጎ አነሳት፣ ከሥር በባትሪ አየና «የክራንክሻፍቱ የኋላ ኦይል ሲል ነው። ካምቢዮ መውረድ አለበት» አለኝ። ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም።

ከነከነኝ። ሲሉ፣ ማለትም በክራንክሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት፣ ራሱ ርካሽ ነው። ውዱ ሥራው ነው። በዚህች መኪና ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን የሚያያይዝ ረጅም የአሉሚኒየም ፍሬም አለ። እሱ ይፈታል፣ የኋላው ዘንግ ይወጣል፣ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑና ፍላይዊሉ ይነሳሉ። ሲሉ የሚገኘው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ከመክፈሌ በፊት ዘይቱ የት እንደሚጀምር በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

በእኛ ሕንፃ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። አዲስ አበባ ሳሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመካኒክነት ሠርተዋል። ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ካምቢዮ ይውረድ አሉኝ» ስላቸው ጥቂት ዝም አሉ። «ልጄ፣ ዘይት ወደ ታች ነው የሚወርደው። አንቺ ወደ ላይ እየሄድሽ ፈልጊው። መጀመሪያ ግን እጠቢያት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ያረጀ ሞተር ላይ የዓመታት ቅባትና አቧራ ተጋግሮ ይቀመጣል። እዚያ ላይ አዲሱን ዘይት ከድሮው መለየት አይቻልም። በዚያ ላይ መኪና ሲሄድ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከፊት የጀመረ ጠብታ መጥቶ ካምቢዮ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ቅባት በሚያለቅቅ ፈሳሽ ከላይ እስከ ታች አጸዳኋት። የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹን በላስቲክ ሸፈንኩ።

ቀጥሎ ፈሳሹ ምን እንደሆነ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ነጭ ካርቶን ከሥሯ ዘርግቼ አሳደርኳት። ቀይ ቢሆን የመሪው ዘይት ነው። የካምቢዮ ዘይት ቢሆን ድኝ ድኝ የሚል ሽታው ይለየዋል። ካርቶኑ ላይ የወደቀው ቡናማ ነው፣ የሞተር ዘይት።

ከዚያ ሞተሩ ዘይት ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ጨመርኩና እንደልማዴ ነዳኋት። ይሄ ቀለም ብዙ ዋጋ የለውም፤ ለማንም ያረጀ መኪና ላለው ሰው ከልቤ የምመክረው ነው። ማታ መብራቱን ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። የቫልቭ ክዳኑ ዙሪያ ደረቅ ነው። ጎኖቹም ደረቅ ናቸው። ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ ግን፣ ሞተሩን ከእኛ ከሚለየው ግድግዳ ጋር በተፋጠጠችው ጠባብ ቦታ፣ አረንጓዴ መስመር ቁልቁል ወርዷል።

እዚያ የተቀመጠው የካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) አቀማመጥ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሴንሰር ነው። ቴስታታው ውስጥ ይገባና በአንዲት ኦሪንግ (ቀጭን የጎማ ቀለበት) ይታሸጋል። ይሄ የሞተር ቤተሰብ በማዝዳ 323 ላይ በወርድ የሚተኛ ነበር። ለዚህች መኪና ሲባል በቁመት ዞረ፤ የቴስታታው አንድ ጫፍ ወደ ግድግዳው ሄደ። ስለዚህ ከላይ አይታይም፣ እጅም በግድ ነው የሚገባው። ኦሪንጓ በሙቀት ብዛት ደርቃ ማፍሰስ ስትጀምር ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ካምቢዮው ላይ ይፈሳል። የሚንጠባጠበው የኋላው ሲል ቢያፈስ ከሚንጠባጠብበት እዚያው ቦታ ነው።

ግን መለያ አለው። የኋላው ሲል ሲያፈስ ዘይቱ ከካምቢዮው ቤት ውስጥ ነው የሚወጣው፤ የቤቱን የላይኛውን ውጭ አያረጥበውም። የእኔ ከውጭ፣ ከላይ ነበር የረጠበው። ይሄን ስጨርስ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ማታውኑ ለጋሼ ደወልኩላቸው።

አንድ ነገር ቀረ። የሞተሩን የውስጥ ጋዝ የሚያስወጣው ቫልቭ ሲደፈን ግፊቱ ዘይቱን በየማሸጊያው ይገፋዋል፤ ያኔ አንዱን ብትቀይሪ ሌላው ያፈሳል። አውጥቼ ነቀነቅኩት። ኳ ኳ ይላል፤ ደህና ነው።

ጥገናው ራሱ ቀላል ነው። ሴንሰሩ የቆመበትን ቦታ በቀለም ምልክት አደረግሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ አንዷን ብሎን በ12 ቁልፍ ፈታሁ። ከባድ የሆነው እጄን እዚያ ማስገባቱ ነው። የወጣችው ኦሪንግ ጠፍጥፋ ደርቃ፣ ስጫናት ተሰበረች። አዲሷን ዘይት ቀብቼ አስገባሁ። ሴንሰሩ ትንሽ ከዞረ የሻማው እሳት የሚነሳበት ጊዜ ስለሚዛባ በምልክት ብቻ አልተማመንኩም። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቄ፣ የምርመራ ሳጥኑ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቼ፣ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ፣ በደቂቃ 850 ጊዜ ገደማ ሲዞር በታይሚንግ መብራት አየሁት። 10 ዲግሪ ላይ ነው፤ ፋብሪካው የሚለውም ይሄንኑ ነው።

ካርቶኑ አሁንም ከሥሯ ተዘርግቷል፤ ደረቅ ነው። ቀለሙ ግን ሌላም አሳየኝ፦ ከፊት፣ የክራንክሻፍቱ የፊት ሲል አካባቢ ትንሽ እርጥበት አለ። አይንጠባጠብም። ክራንክሻፍቱንና ካምሻፍቱን የሚያገናኘው የታይሚንግ ቀበቶ በየ60,000 ማይል ይቀየራል፣ የእኔም ተቃርቧል። ያን ጊዜ የፊቱ ሲል፣ የካምሻፍት ሲሎቹና የውሃ ፓምፑ ሁሉም በእጅ ይገኛሉ። ዕቃዎቹን ከአሁኑ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። ጋሼም «ሥራውን ስትጀምሪ ጥሪኝ፤ ወንበሬን ይዤ እመጣለሁ» ብለውኛል።