የሥራ ቀን እራት፦ ምስርና ሩዝ

በሥራ ቀን ማታ ለቤተሰብ የሚቀርበው ምግብ ዓይነቱ ቢያንስ ቅር አይለኝም። ምስርና ሩዝ ይበቃል፤ ከጎኑ ጥቅል ጎመን ከተገኘ ገበታው ሙሉ ነው። ቅር የሚለኝ ወጡ ጣዕም ሲያጣ በላዩ ላይ ቅመም መነስነሱ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ቁሌቱ ላይ ነው፤ ሽንኩርቱ ሳይደርስ ውሃ ተደፍቶበታል።

ለአምስት ሰው ሦስት መካከለኛ ሽንኩርት ይበቃል፤ ወደ 400 ግራም ነው። ከሽንኩርት ክብደት 90 በመቶ የሚጠጋው ውሃ ስለሆነ፣ ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የድስቱ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ብዙም ፈቀቅ አይልም። ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ቡናማው ቀለምና ደስ የሚለው ሽታ በደንብ የሚመጡት ሙቀቱ 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሰፊ ድስት፣ መካከለኛ እሳት፣ ሩብ ኩባያ ዘይት (ኩባያ የምለው 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው)፣ ከመጀመሪያውም ቆንጠር ያለ ጨው፤ ጨው ውሃውን ቶሎ ያስወጣዋል። በጠባብ ድስት ተከምሮ ከሆነ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ሽንኩርቱ ነጭ ሆኖ ይልፈሰፈሳል።

መድረሱን ከሰዓት ይልቅ ጆሮ ይነግራል። መጀመሪያ የሚሰማው እርጥብ ፍልቅልቅታ ነው። አሥር ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ ድምፁ ደረቅ ይልና መንጣጣት ይጀምራል፤ ዘይቱም ከሽንኩርቱ ተለይቶ ዳር ዳሩን ይታያል። ድስቱ መያዝ የሚጀምረውም ያኔ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጎ የያዘውን በእንጨት ማንኪያ መፋቅ፣ ሲደርቅ ደግሞ መድገም ነው። ቡናማ ሆኖ የተጣበቀው ጣዕም ነውና አይጣልም። ከጠቆረና መራራ ከሸተተ ግን ምንም አያድነውም፤ ድስቱን አጥቦ እንደገና መጀመር ይሻላል። እንዲህ ሲሠራ ጠቅላላው 20 ደቂቃ ይፈጃል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ አራት ፍሬ ተወቅጦ፣ መጨረሻ ላይ ገብቶ አንድ ደቂቃ ብቻ ይቆያል፤ ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ሳይበስል እሱ ያርራል።

ቲማቲም እዚህ ላይ ለመጨመር እጅ ይቸኩላል። አሲዱ የጥራጥሬው ቆዳና ሥጋ እንዳይለሰልስ አጥብቆ ይይዘዋል። በክክ ምስር ላይ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ድፍን ምስርና ባቄላ ግን ቲማቲም ቀድሟቸው ከገባ ሲንተከተኩ ያመሹና አሁንም ጥርስ ላይ ይንቋቋሉ። መጀመሪያ ይብሰሉ፣ ቲማቲሙ ኋላ ይግባ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ። ድንችም ያው ነው።

ለአምስቱ ሰው 300 ግራም ክክ ምስር ተለቅሞ፣ ውሃው እስኪጠራ ታጥቦ፣ በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ቁሌቱ ላይ ይገባል። አረፋው ገንፍሎ እሳቱን እንዳያጠፋ ክዳኑ ገርበብ ይበል። በ20 ደቂቃ ይፈርሳል፤ ድፍኑ 35 ያህል ይፈልጋል። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር ከሚፈለገው ትንሽ ቀጠን እንዳለ ይውጣ። ጨው ግማሹ ምስሩ ሲለሰልስ፣ ቀሪው መጨረሻ ላይ ተቀምሶ፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጨውነቱ ይጎላል። ጨው ሲበዛ ድንች ጣል አድርጉበት የሚሉት ነገር ብዙ አይረዳም፤ ድንቹ ጨዋማ ውሃ ይመጥጣል እንጂ ጨውን ለይቶ አያወጣም። ውሃና ምስር መጨመር ነው መፍትሔው። ልጆች ካሉ የእነሱ ድርሻ ሚጥሚጣ ወይም ቃሪያ ከመግባቱ በፊት ተቀንሶ ይቀመጥ።

ሩዙ ሁለት ኩባያ ከሆነ ውሃው ሦስት ኩባያ ከሩብ። ሩዝ እጥፍ ሲሆን ውሃውን እጥፍ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚተነው ውሃ በድስቱ ስፋት እንጂ በሩዙ ብዛት ስለማይወሰን፣ አራት ኩባያ ሩዝ በስድስት ኩባያ አካባቢ ይበስላል። ከፈላ በኋላ እሳቱ መጨረሻው ዝቅታ ላይ፣ ክዳኑ ግጥም፣ 15 ደቂቃ፤ ከዚያ እሳቱ ጠፍቶ ሌላ አሥር ደቂቃ። በየመሀሉ ከፍቶ ማየት እንፋሎቱን ያባክንና ላይኛው ጥሬ ይቀራል። ማማሰል ደግሞ ፍሬውን ሰብሮ ስታርቹን ስለሚያወጣ ገንፎ ያደርገዋል። ላዩ ጠንክሮ ከተገኘ ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ረጭቶ አምስት ደቂቃ መክደን፤ ውሃ ከያዘ ንጹሕ ጨርቅ ከክዳኑ ሥር ማድረግ።

ጎመኑ ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከቆየ ድኝ ድኝ ይሸታል።

የተረፈ ሩዝ ድስቱ ውስጥ አይደር። መፍላት የማይገድለው የባክቴሪያ ዘር አለ፤ ለብ ባለ ሩዝ ውስጥ ይራባል፣ የሚተወውም መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። በሰፊ ሳህን ተዘርግቶ ቶሎ ቀዝቅዞ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ በማግስቱም እስኪጨስ ሞቆ ይበላ። ምስሩ ሦስት ቀን ይቆያል። በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ይቀመጥ፤ ሲሞቅም ሌሊቱን ስለሚጠነክር ሩብ ኩባያ ውሃ ይጨመርበት።