የካርቦን አሻራ ትምህርት ከጄነሬተሩ መዝገብ ይጀምር

ለሕክምና፣ ለነርሲንግና ለአኔስቴዥያ ተማሪዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ጊዜ በሚቀልጥ በረዶ ሥዕል ይጀመርና «ችግኝ እንትከል፣ መብራት እናጥፋ» ላይ ያበቃል። ተማሪው ፈተናውን ያልፋል፤ ዋርድ ሲገባ ግን የተማረውን የሚያያይዝበት ነገር አያገኝም። የሚሻለው ለአታችመንት (ለተግባር ልምምድ) የተመደበበትን ሆስፒታል የአንድ ወር ልቀት፣ ማለትም ወደ አየር የለቀቀውን የሚያሞቅ ጋዝ፣ ከራሱ ከሆስፒታሉ መዝገብ እንዲያሰላ ማድረግ ነው። የሁለት ሰዓት ገለጻ፣ የአንድ ሳምንት መረጃ መሰብሰቢያ፣ ከዚያም አንድ ሙሉ ከሰዓት ለስሌትና ለክርክር ይበቃል። በቡድን አምስት ሰው ይሁን። ከዚያ ከበዛ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ስማቸውን ያስገባሉ።

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «እኛ ምን አጥፍተን?» አትሸፋፍኑት፤ ጥያቄው ትክክል ነው። የአፍሪካ ድርሻ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 4 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት ከነዳጅ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ ከ0.2 ቶን በታች ሲሆን የዓለም አማካይ ከ4 ቶን በላይ ነው። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ዘርፍ በጠቅላላው እ.ኤ.አ በ2019 በወጣ ግምት 4.4 በመቶ የሚሆነውን ልቀት ይይዛል፤ ከዚህ አብዛኛው የሀብታም አገር ሆስፒታል ነው። እንግዲህ ለምን እናሰላለን? ሆስፒታሉ የሚያቃጥለው ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው። የማደንዘዣው ጠርሙስም እንዲሁ። ብክነቱ የት እንዳለ ያወቀ ባለሙያ ካርቦኑን ባያስበው እንኳ መድኃኒቱን ያተርፋል።

ስሌቱን የሚያበላሸው ትልቁ ስህተት ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው የሚሠራው፦ የእንግሊዝን ማስያ አውርዶ መሙላት። እዚያ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ወደ 0.2 ኪ.ግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታሰብበታል። የኢትዮጵያ መስመር ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃና ከነፋስ ስለሚመጣ ቁጥሩ ለዜሮ የቀረበ ነው። በወር 30,000 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ሆስፒታል በእንግሊዙ ቁጥር ሲሰላ 6 ቶን ይወጣለታል፤ የሌለ 6 ቶን። የሌለው አኃዝ እውነተኛውን ይውጠዋል፣ ተማሪውም «አምፖል እንቀይር» የሚል ምክረ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። አምፖሉ ይቀየር፣ ለቆጣሪው ሂሳብ ጥሩ ነው። ካርቦኑ ያለው ግን ከግቢው ጀርባ በሚያጓራው ጄነሬተር ውስጥ ነው።

ጄነሬተሩ ላይ የሰዓት ቆጣሪ አለ። የወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ንባብ ይወሰዳል፤ ከመዝገቡ ላይ የተቀዳው ናፍጣ በሊትር ይደመራል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.68 ኪ.ግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ለምሳሌ 100 ኬቪኤ አቅም ያለው ጄነሬተር በግማሽ ጭነት በሰዓት 12 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ በወር 60 ሰዓት ከሠራ 720 ሊትር፣ ማለትም 1.93 ቶን ነው። የሰዓት ቆጣሪውና የተቀዳው ናፍጣ በጣም ከተራራቁ ወይ ነዳጁ ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ወይ ማሽኑ ታሟል፣ ወይ ጭነቱ ከአቅሙ በጣም ያነሰ ነው። ትልቅ ጄነሬተር ለጥቂት አምፖልና ለአንድ ፍሪጅ ሲነሳ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚያቃጥለው ይጨምራል፣ ያልተቃጠለ ናፍጣም ጭስ ማውጫው ላይ ይጠራቀማል። ቀላሉ መፍትሔ አውቶክሌቭ (ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን) እና ልብስ ማጠቢያ መብራት ባለበት ሰዓት እንዲሠሩ መርሐ ግብር ማውጣት ነው። ነዳጁንና ነዳጁ ያመነጨውን ኃይል ሁለቱንም መቁጠር ግን አይገባም፤ ይህን ድርብ ቆጠራ ከየሦስቱ ቡድን አንዱ ይሠራዋል።

ከመዝገቦቹ የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 ጀምሮ እስከ 20 ይሄዳል፤ የመብራት ሂሳብ የራሱ ዑደት አለው፤ ስቶር ደግሞ ከ1 እስከ 30 ይቆጥራል። ጷጉሜ የሚገባበትን ጊዜ ለልምምድ አትምረጡ። ተማሪዎቹ አንድ ወሰን መርጠው ሌላውን ሁሉ ወደዚያ ያስተካክሉ፣ ያስተካከሉበትንም ይጻፉ። ሁለተኛው ወጥመድ የስቶር ቅጾቹ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ናቸው። ሞዴል 19 የገባውን ይነግራል፤ ሞዴል 22 ከዋናው ስቶር የወጣውን። ሁለቱም የተጠቀምነውን አይነግሩም፤ ከስቶር የወጣው ኦፕራሲዮን ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ከክፍሉ ቢን ካርድ (የገባና የወጣ ዕቃ መመዝገቢያ) የሚገኘው ነው፦ በመነሻ የነበረው፣ ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ በመጨረሻ የቀረው።

አሁን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ። ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ እዚህ ብቻ ቢሠራ እንኳ አይቆጨኝም። ታካሚው የሚስበው የማደንዘዣ ጋዝ ሰውነቱ ውስጥ ብዙም አይለወጥም፤ የወጣው በቱቦው አድርጎ ሰማይ ላይ ይወጣል። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የአይሶፍሉሬን (ተንኖ የሚሳብ ማደንዘዣ) ጠርሙስ ተማሪው እጅ ላይ አስቀምጡና ይገምት። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የአይሶፍሉሬን ጥግግት በሚሊ ሊትር 1.5 ግራም ስለሆነ ጠርሙሱ 375 ግራም ይይዛል። በ100 ዓመት ሲለካ አንድ ኪሎ አይሶፍሉሬን ከ510 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ያሞቃል (የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንስን የሚገመግመው የአይፒሲሲ የቅርብ ሪፖርት 539 ይላል፤ የፈለጋችሁትን ያዙ፣ ግን በአንዱ ጨርሱ)። አንድ ጠርሙስ 191 ኪ.ግ ሆነ ማለት ነው። በወር ስምንት ጠርሙስ የሚጨርስ ክፍል 1.53 ቶን ይለቃል። ያ ሁሉ የጄነሬተር ጩኸት 1.93 ነበር፤ እነዚህ በአንድ ካርቶን የሚያልቁ ጠርሙሶች ናቸው። ጥግግቱን የረሳ ቡድን 1.02 ያመጣል። መልሱን ከመንገራችሁ በፊት ከጎረቤት ቡድን ጋር ያወዳድሩና ልዩነቱን ራሳቸው ይፈልጉት።

የሚባክነው የት ነው? ማደንዘዣውን ተሸክሞ የሚፈሰው ጋዝ መጠን ላይ። በሰዓት የሚያልቀውን ፈሳሽ በሚሊ ሊትር ለመገመት 3ን በደቂቃ በሚፈሰው ሊትርና በማደንዘዣው መቶኛ ማባዛት በቂ ነው። በደቂቃ 6 ሊትር በ1.5 በመቶ ሲሄድ በሰዓት 27 ሚሊ ሊትር ያልቃል፤ ወደ 1 ሊትር ሲወርድ 4.5። የመጀመሪያው 20 ኪሎ የሚያህል ልቀት ነው፣ ሁለተኛው ከ3 ኪሎ ተኩል ያነሰ። ነገር ግን ይህን ቁጥር ጽፎ መሄድ አደገኛ ነው። ፍሰቱን መቀነስ የሚቻለው የተነፈሰውን አየር መልሶ የሚያዞር ሰርክልና ያልደከመ «ሶዳ ላይም» (ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥ ኬሚካል) ባለበት ማሽን ነው፤ ከነጭ ወደ ሐምራዊ የተለወጠ ሶዳ ላይም ሥራውን ጨርሷል። የኦክስጅን መለኪያና ካፕኖግራፍ (በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ) በሌለበት ክፍል ይህን አታስተምሩ፤ ታካሚው ኦክስጅን ሊያጥረው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጠራቀምበት ይችላል። ታካሚው በራሱ ትንፋሽ አየር በማደንዘዣው ላይ አሳልፎ በሚስብበት አሮጌው «ድሮውኦቨር» ማሽን ላይ ጨርሶ አይሠራም። እዚያ ቤት የሚቀረው መንገድ ስፓይናል (ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ የጀርባ መርፌ) በሚበቃበት ስፓይናል መስጠት ነው፤ ይህንም ማንም ጥሩ አኔስቴቲስት ያለ ካርቦን ወሬ ያደርገዋል። በነገራችን ላይ የውጭ ስላይዶች ግማሽ ሰዓታቸውን የሚያጠፉት ዴስፍሉሬን በሚባለው ሌላ የማደንዘዣ ጋዝ ላይ ነው። ለሙቀት ከሁሉም የከፋው እሱ መሆኑ እውነት ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ ከጥር 2026 ጀምሮ አጠቃቀሙን የገደበውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ተማሪው በሥራ ዘመኑ ጠርሙሱን ላያይ ይችላል።

ኢንሄለር (ለአስም የሚሳብ መድኃኒት) ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሳልቡታሞል ፓፍ የሚገፋው በኤችኤፍሲ፣ ከባቢ አየርን በኃይል በሚያሞቅ ጋዝ ነው፤ ባለ 200 ፓፉ እንደ አምራቹ ከ10 እስከ 28 ኪ.ግ ይደርሳል፣ ማለትም ከፍተኛው 10 ሊትር ናፍጣን ያህላል። እ.ኤ.አ በ2016 የጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እነዚህን ጋዞች ቀስ በቀስ ለመቀነስ ነው። በአውሮፓ መልሱ «ወደ ደረቅ ዱቄት ኢንሄለር ቀይሩ» ነው። እኛ ዘንድ ዱቄቱ በቀላሉ በማይገኝበትና በሚወደድበት ለአስም ታካሚ ይህን መንገር ጭካኔ ነው። ይልቅ ተማሪው በየወሩ አንድ ፓፍ የሚጨርስ ታካሚ ሲያይ ይጠይቅ፦ የሚሳብ ስቴሮይድ ታዞለታል? አጠቃቀሙስ? ሳይነቀነቅ፣ ትንፋሽ ሳይገጥም የተረጨ ፓፍ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ታችኛው ላይ ለኢንሄለሩ አፍ ልክ ተበስቶ ስፔሰር (መድኃኒቱን ይዞ በቀስታ እንዲሳብ የሚያደርግ ዕቃ) ይሆናል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕፃናት ላይ ተፈትኖ ከፋብሪካው ያልተናነሰ ሆኗል። አስሙ ሲረጋጋ ፓፉም ይቀንሳል።

የቆሻሻውን ክፍል ባጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ቆሻሻ 85 በመቶው አደገኛ አይደለም። ተማሪዎች የታሰረውን ከረጢት በተንጠልጣይ ሚዛን ይመዝኑ፤ አይክፈቱት፣ ሴፍቲ ቦክስም (የመርፌና የስለት መጣያ ሳጥን) አይነኩ። ለአደገኛ ቆሻሻ የተለየው ቢጫው ውስጥ የብስኩት ልጣጭ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም፤ የተራ ቆሻሻው ጥቁሩ ባልዲ ከአልጋው አምስት እርምጃ ስለሚርቅ ነው። አንድ ኪሎ ፖሊኢትሊን ሲቃጠል 3.1 ኪ.ግ፣ አንድ ኪሎ ፒቪሲ ሲቃጠል ግን 1.4 ኪ.ግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። እዚህ ላይ ክርክር አስነሱ። በካርቦን ብቻ ከታየ ፒቪሲው «ንጹሕ» ይመስላል፤ በተራ ማቃጠያ ሲነድ ግን ዳይኦክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጨው እሱ ነው።

የተገዛ መድኃኒትና ዕቃ ከሁሉም ትልቁ ክፍል ነው፤ በዓለም ደረጃ ከጤና ዘርፍ ልቀት 71 በመቶው ከአቅርቦት ሰንሰለት ይመጣል። የሚሰላውም አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብ ነው፦ በዶላር ይህን ያህል፣ በኪሎ ይህን ያህል። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የተገዛን ዕቃ በድሮው ምንዛሪ የመነዘረ ተማሪ ልቀቱን ከእጥፍ በላይ ያሳድገዋል። ለአንድ ሳምንት ልምምድ ይህን ክፍል ብተዉት እመርጣለሁ፤ መተዉን ግን ይጻፉ። አምቡላንሱም የወረዳው ከሆነ እንዲሁ።

ውጤቱ በምን ይካፈል የሚለው መጨረሻ ላይ የሚቀር አይደለም። ድምሩን በአልጋ ቀን ወይም በኦፕራሲዮን ቁጥር ያካፍሉ፤ አለበለዚያ ብዙ የሚያክም ሆስፒታል ጥፋተኛ ይመስላል። ከተካፈለም በኋላ አነስተኛ አሻራ ሁልጊዜ አያስመሰግንም። ማደንዘዣ ያለቀበት፣ ናፍጣ አጥቶ ሌሊት በጨለማ የሚያዋልድ ሆስፒታል አሻራው ትንሽ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚያመጣው በሽታ ራሱን የቻለ ሌላ ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል፤ እዚያም ከቅርብ ይጀመር። እ.ኤ.አ በ2014 በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋዎች ላይ የወጣ ጥናት ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳይቷል፤ የኢትዮጵያው መረጃ ከደብረ ዘይት አካባቢ ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ እ.ኤ.አ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው የወባ ትንኝ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ደግሞ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። እ.ኤ.አ በ2022 ድሬዳዋ በበጋ ወባ የተነሳባት ከዚችው ትንኝ ጋር በተያያዘ ነው። ስለዚህ ትኩሳት ይዞ ለመጣ «ቆላ ወርደው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ ደጋ ነው፣ ከተማ ነው፣ ክረምት አይደለም ብሎ የደም ምርመራውን መተው አይቻልም።

ቡድኖቹ ሲጨርሱ አንድ ገጽ ብቻ ያዘጋጁ፤ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ሳይሆን ለጄነሬተር ቴክኒሺያኑና ለኦፕራሲዮን ክፍል ኃላፊዋም ይስጡ። አንድ ለውጥ ይጠይቁ፣ ከሁለት በላይ አይደለም። ለውጡ ሠርቶ እንደሆነ ለማየት የሚቀጥለው ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ወር ይለካ። የነሐሴን ናፍጣ ከጥር ናፍጣ ጋር ያወዳደረ የለካው የመብራት መቆራረጡን ነው።