4.5 ቮልት የበላው ቡሎን

ከመተኛቴ በፊት ልጻፈው። እጄ ገና ግራሶ ይሸታል፣ ወገቤም አልቀናልኝም። ግን ነገ ጋራዥ ከገባሁ ቁጥሮቹ ይጠፉብኛል።

ነገሩ የጋሼ ቤት ነው። አጎቴ ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሌላው ሰው መኪና ሲያስመጣ እሳቸው ያገለገለ የሚጎተት ቤት አስመጡ። ባጭሩ ተሳቢ ነው፤ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና ማጠቢያ አለው። ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ገባና ግቢያችን ቆመ። የሰፈር ልጆች «ባቡሩ» ይሉታል።

የዚህ ቤት ጉዱ ጎኑ ነው። ቁልፍ ሲጫኑ አንዱ ግድግዳ ከነአልጋው ወደ ውጭ ይንሸራተትና ክፍሉ ይሰፋል። ጋሼ ስላይድ ነው የሚሉት፣ እኛም ለመድነው። ቆሞ ሲኖሩበት ይወጣል። ለመንገድ ግን የግድ መግባት አለበት፣ አለበለዚያ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ከላይ የሚመጣ መኪና በምን በኩል ያልፋል?

ደሴ ያሉት እትዬ ከታመሙ ወዲህ ጋሼ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው ያላቸው። ቤቱን ይዘው ወጥተው እህታቸው ግቢ ማቆም፣ ሌሊት ሲጠሯቸው መስማት። ሰኞ ዕለት የሚጎትት አይሱዙ ተከራዩ። ቁልፉን ተጫኑ። ስላይዱ አንድ ስንዝር ያህል ገባና ቆመ። ከውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ዝም።

እኔ ለሥራ ሎጊያ ነበርኩ። አንድ ባለሙያ መጥቶ ሪሌ (ቁልፉ ሲጫን ለሞተሩ መብራት የሚያሳልፈውን ማብሪያ) ቀየረ፣ ምንም አልተለወጠም። ሌላው ደግሞ ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ከአሜሪካ ይዘዙ አላቸው። ሞተሩ እስኪመጣ እትዬ እንዴት ይሆናሉ? ይቺን ጋሼ በአፋቸው አልተናገሯትም። ትናንት ማታ ስመለስ ግን ፊታቸው ላይ አየኋት።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ አንተ እየው» አሉኝ።

«አብሽር ጋሼ» አልኳቸው። ምን እንደማደርግ ገና አላወቅሁም ነበር።

የምለካበት ቴስተር ራሱ የሳቸው ስጦታ ነው። በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ የምሠራበት ጋራዥ ተዘርፎ ካቻቢቴ እንኳ አልቀረልኝም ነበር። ከወራት በኋላ በሰው እጅ አንድ ትንሽ ካርቶን ላኩልኝ። ይኸው ቴስተር፣ ፒንሳና አንድ መቶ ዶላር ነበር። ያን ካርቶን ከፍቼ ያለቀስኩትን ማንም አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ይዤው ከቤቱ ሥር ስገባ እሱን እያሰብኩ ነበር።

ጠዋት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ «መብራት ሲመጣ ይሠራል» ይል ነበር። አይደለም። የቤቱ ሶኬቶች ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠሩ ናቸው፣ የእኛ መስመር 220 ነው፣ ለዚያም ጋሼ መቀነሻ ትራንስፎርመር ገዝተዋል። ስላይዱ ግን የሚሠራው ልክ እንደ መኪና በ12 ቮልት ባትሪ ነው። የመስመሩ መብራት ለሱ ባትሪውን መሙላትና ማገዝ ነው ሥራው።

ባትሪውን ለካሁት፣ 12.6። ሙሉ ነው። ፊውዙ ደህና። የውስጥ አምፖሎቹ ቦግ ብለው ይበራሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪናችሁ ፊት መብራቱ እየበራ ማስነሻው ሞተሪኖ አልዞር ብሏችሁ አያውቅም? አምፖል የሚፈልገው ትንሽ ነው፣ በተጎዳ ገመድም ያልፍለታል። ከነአልጋው አንድ ግድግዳ የሚጎትት ሞተር ግን ብዙ አምፔር ይጠጣል፣ ችግሩ የሚታየውም ያኔ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ በቆመበት መለካት ምንም አይነግርም። እየተጫኑ ነው መለካት።

ልጆቹን ከግድግዳው አራቅኋቸው፣ ሳይታሰብ ሊንቀሳቀስ ስለሚችል። ጋሼ ቁልፉ ላይ፣ እኔ ከሥር፣ ጭቃው ላይ ማዳበሪያ አንጥፌ። «ይጫኑ!» አልኳቸው። ሞተሩ ጫፍ ላይ 7.1 ቮልት። በዚያው ቅጽበት ባትሪው ላይ 12.0። 4.9 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በ7 ቮልት ደግሞ የትኛውም ሞተር ይህን ክፍል አይጎትትም። ሞተሩን ያለጥፋቱ ነበር የከሰሱት።

ታዲያ የት ነው የቀረው? አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ፖዘቲቭ ላይ አድርጌ አስጫንኳቸው። 0.4። ይሁን፣ ረጅም ገመድ ነው። ከዚያ ከኔጌቲቭ ወደ ኔጌቲቭ። (ሪሌው ለመግቢያና ለመውጫ ሁለቱን ገመዶች እያገላበጠ ስለሚሰጥ፣ ሲገባ የትኛው ኔጌቲቭ እንደሚሆን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።) 4.5! ሦስት ጊዜ አስጫንኳቸው፣ ሦስቴም ያው።

ማሳው ነበር። እኛ መኪና ቤት ማሳ የምንለው ኔጌቲቩ ከሻንሲው ብረት ጋር የሚታሰርበትን ነው። ሁሉም ሰው መብራቱ የሚመጣበትን ፖዘቲቭ ያሳድዳል፣ የሚመለስበትን የሚያይ የለም። እኔ ራሴ ስንት መኪና ላይ ሪሌና ፊውዝ ስፈታ ውዬ መጨረሻ ላይ ማሳ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ገመዱን በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። ከጎማው ጀርባ፣ ጭቃ የሚረጭበት ቦታ፣ አንድ ቡሎን ላይ ታስሯል። ስነካው ትኩስ ነው። የጠፋው ቮልት ሙቀት ሆኖ እዚያ ተቀምጧል። ከሥሩ ቀለም፣ በቀለሙ ላይ ዝገት፣ የመዳቡ ጫፍ አረንጓዴ ሆኗል። ባሕሩም፣ የኮምቦልቻ ክረምትም ተባብረውበታል። ጉዱ ደግሞ ሳይጫኑት በቴስተር ድምፅ ቢፈትሹት ጢጥ ይላል፣ ተገናኝቷል ይላል። ሁለተኛው ባለሙያ በዚህ ቢታለል አልፈርድበትም። ሳይለካ ሞተር ማዘዙ ላይ ግን እፈርድበታለሁ፣ በሰው ገንዘብም በሰው ጊዜም ነው።

ከመፍታቴ በፊት ማረጋገጥ ፈለግሁ። የአይሱዙውን የባትሪ ማስነሻ ገመድ ተውሼ ከባትሪው ኔጌቲቭ ቀጥታ ወደ ሪሌው ሳጥን ማሳ አሠርኩት። «ይጫኑ ጋሼ!» ግድግዳው ሸርተት ብሎ ገባ። ጋሼ «ገባ! ገባ!» እያሉ እንደ ሕፃን ጮኹ። እኔ ከሥር እንደተኛሁ ነው የሰማኋቸው፣ ፊታቸውን ባየሁ ኖሮ።

የቀረው ቀላል ነው። ቡሎኑን ፈታሁ፣ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪነጣ ፈገፈግሁት፣ የበሰበሰውን የገመድ ጫፍ ቆርጬ አዲስ የመዳብ ቀለበት ጨመቅሁበት፣ አጥብቄ አሠርኩና ውሃ እንዳይገባው ከላዩ ግራሶ ቀባሁ። እንደገና ስለካ ማሳው ላይ የሚጠፋው 0.1 ብቻ ሆነ። ሞተሩ 11.5 አገኘ።

ከሰዓት ወጣን። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ አሥር ሜትር አይታይም ነበር፣ ሹፌሩ በእግር እንደሚሄድ ሰው ነበር የነዳው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ገደማ ነው፤ አቀበቱን ጨርሰን ስንወርድ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እትዬ ግቢ ስናቆም እግሮቹን በክሪክ አስተካከልን፣ ቤቱ ካዘመመ ስላይዱ ይጣበቃልና። ጋሼ ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ መለስኩላቸው። አንዴ ተጫኑት፣ ክፍሉ ወጣ።

አንድ ሥራ ቀርቷል። ከስላይዱ ሥር አብሮ የሚመላለሰው ገመድ ብረቱን እየነካ ልጡ ተላልጧል። እሑድ የፕላስቲክ ቱቦ ይዤ ወጥቼ አለብሰዋለሁ።

ቤት ስደርስ ለጋሼ ደወልኩላቸው። እትዬ እንዴት ናቸው አልኳቸው።

«ተኝተዋል» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከአልጋዬ በመስኮቱ መብራታቸው ይታየኛል።»