«ዓይኔ እያለቀሰ ደረቀ ይሉኛል?»

ደብረ ብርሃን ፋርማሲ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የዓይን ድርቀት እንግዳ አይደለም። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ደረቁ ንፋስ እንባን ቶሎ ያደርቃል። እቤት ሲገባ ደግሞ የኩበትና የባሕር ዛፍ ጭስ ይጠብቃል።

ባለፈው በጋ ከመንዝ በኩል አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። አዲስ አበባ ያለ የዓይን ሐኪም ሳይክሎስፖሪን የሚባል ጠብታ አዝዞላቸዋል። ፌስታሉን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ውሰጂልኝ ልጄ። መድኃኒት ሳይሆን በርበሬ ነው የሰጡኝ። ደግሞስ ቀኑን ሙሉ እያለቀሰ እንዴት ዓይንሽ ደርቋል ይሉኛል?»

እውነታቸውን ነው፣ ነገሩ ግራ ያጋባል። ዓይን ሲደርቅ ይቆጣል። ሲቆጣ ውሃ ያጎርፋል። ያ ውሃ ግን ዓይኑ ላይ አይቆይም፣ ጉንጭ ላይ ይወርዳል። ሳይክሎስፖሪን ከሥር ያለውን ቁጣ ነው የሚያበርደው። የሚያርፈው ግን በዚያው በተቆጣ ዓይን ላይ ነው፤ ስለዚህ ይለበልባል። የ0.05 በመቶው ጠብታ ሲሞከር ከ100 ታካሚ 17ቱ ያህል ማቃጠሉን ተናግረዋል። ለውጡ ደግሞ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ መሐል ላይ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

«እማማ፣ እስቲ ሲጨምሩ ያሳዩኝ» አልኳቸው። በመድኃኒቱ ፋንታ ሰው ሠራሽ እንባ ሰጠኋቸው። ቀና አሉ። ጥቁሩ ላይ ሦስት ጠብታ አከታትለው ጣሉ። ጭምቅ አድርገው ጨፈኑ። በነጠላቸው ጫፍ ፈተጉት።

ዓይን የሚይዘው ቢበዛ 30 ማይክሮሊትር ገደማ ነው። አንድ ጠብታ ብቻውን ይህን ይሞላል፤ የተረፈው ወደ ቆቡና ወደ ጉንጭ ይፈስሳል። ስለዚህ አንድ ጠብታ፣ አንዴ ብቻ። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ በሚፈጠረው ኪስ ውስጥ እንጂ ጥቁሩ ላይ አይደለም። ከዚያ ቀስ ብሎ መጨፈን፣ አፍንጫ አጠገብ ያለውን የዓይን ጥግ በጣት አንድ ሁለት ደቂቃ ጫን ማድረግ። መፈተግ የለም።

ልጅቷ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ከጠዋት የተረፈውን ለማታ ያስቀምጡት ነበር፣ ያውም ምድጃው አጠገብ። የእሳቸው ብልቃጥ ማቆያ ኬሚካል የለውም፤ ከተከፈተ አንዴ ተጠቅሞ መጣል ነው። ከመክፈት በፊትም ነጩ ፈሳሽ እኩል እስኪዋሃድ ገልበጥ ገልበጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ይሄን ማንም አልነገራቸውም ነበር።

ሐኪሙ ጋር ደወልን። ማቆያ የሌለው ሰው ሠራሽ እንባ እንዲጨመርላቸው ተስማማ። ሰው ሠራሽ እንባው 15 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል፣ ዓይኑ ይረጥባል፣ መድኃኒቱ ይከተላል። ልጅቷ ስልኳ ላይ አላርም ሞላች።

በወሩ ለቀጣዩ ወር ልትገዛ ብቻዋን መጣች። ማቃጠሉ ጨርሶ አልለቀቃቸውም፣ ግን ቀንሷል፤ አላቋረጡም። «እሱንስ ችየዋለሁ፣ ጭሱን ምን ላድርገው?» ብለው ልከውባታል። እንጀራ መጋገሩ ወደ ደጅ መውጣት ይችል እንደሆነ፣ ለምድጃው ጭስ ማውጫ ማን እንደሚያበጅላቸው ስንነጋገር ቆየን።