ጠዋት የማይሞቅ፣ ማታ የሚፈላ ሞተር፦ ከሱሉልታ የቤት ጥገና ማስታወሻዬ

በሱሉልታ ብርድ መኪና ለሚያሽከረክር ሰው ማሞቂያ ቅንጦት አይደለም። በክረምት ጠዋት የፊት መስታወቱን ከውስጥ ጉም ይሸፍነዋል፤ ሞቅ ያለ አየር ካልነፈሰበት በአንድ እጅ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ መውረድ ነው። የእኔ የ1990ዎቹ ኮሮላ ጠዋት ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከታች ንቅንቅ አይልም፣ ማሞቂያውም የሚነፋው ለብ ያለ አየር ነው። ማታ ስመለስ ግን ዳገቱን ከጭነት መኪኖች ኋላ ተሰልፌ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ ውሃ ያፈላል። ሁለት የማይገናኙ ብልሽቶች ይመስላሉ። ፈትሼ ስደርስበት ግን አብዛኛው ጣጣ ከአንድ ቦታ የሚመጣ ነበር፤ ተመሳሳይ መኪና ይዛችሁ በከተማዋ ዙሪያ ባለው ደጋ ለምትኖሩ ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን አካፍላለሁ።

ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የታችኛው የራዲያተር ቱቦ ሞተሩ ላይ የሚገባበትን ሽፋን ፈታሁ። በዳዶ የታሰረ ትንሽ ክዳን ነው። ውስጡ ባዶ ነበር፣ ቴርሞስታት (እንደ ውሃው ሙቀት የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ) የለውም። ከእኔ በፊት የያዘው ሰው አስወጥቶታል ማለት ነው። «መኪናህ ከፈላ ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣል» የሚለው ምክር ከጋራዥ ጋራዥ የሚዞር ስለሆነ አልደነቀኝም፤ ምክሩን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

በእነዚህ ሞተሮች ላይ ያለው ቴርሞስታት ሁለት ሥራ ይሠራል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከራዲያተሩ የሚመጣውን ውሃ ይዘጋና ውሃው ራዲያተሩን በሚዘለው አቋራጭ መንገድ ሞተሩ ውስጥ ብቻ እየዞረ ቶሎ እንዲሞቅ ያደርጋል። ሲሞቅ ደግሞ የራዲያተሩን መንገድ ይከፍትና ከበታቹ ባለው ትንሽ ሳህን የአቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ ሁለቱም መንገዶች ሁልጊዜ ክፍት ናቸው። ጠዋት ራዲያተሩ ያለማቋረጥ ስለሚያቀዘቅዘው ሞተሩ አይሞቅም፣ ማሞቂያውም የሚያሞቅበት ነገር አያገኝም። ማታ ዳገት ላይ ደግሞ ከፈላው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይጎበኝ በአቋራጩ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። የቶዮታ የጥገና መመሪያም ሞተሩ የመጋል ጠባይ ቢኖረው እንኳ ቴርሞስታቱን ማውጣት የማቀዝቀዝ አቅሙን እንደሚቀንስ ያስጠነቅቃል።

ከሶማሌ ተራ 82 ዲግሪ የተጻፈበት አዲስ ቴርሞስታት ከነላስቲኩ ገዛሁ። ከመግጠሜ በፊት ልፈትነው ብዬ በድስት ውሃ ጣድኩ። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥዬ የድስቱን ወለል እንዳይነካ አደረግሁ፣ ቴርሞሜትሩንም ከጎኑ ያዝኩ። እስከ 80 ድረስ ጸጥ ብሎ ቆየ። 82ን አለፍ ሲል በመዳብ ቀለሙ ክብና በላስቲኩ መካከል የጥፍር ውፍረት ያህል ክፍተት ታየ፤ ከዚያ ውሃው እየሞቀ በሄደ ቁጥር ፀደዩን እየተጫነ ቀስ እያለ ወረደ። መመሪያው ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ዲግሪ ነው ይላል። እዚህ ላይ ነው ልብ ማለት የሚያስፈልገው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፈለገውን ያህል እሳት ብትጨምሩ በክፍት ድስት 95 አይደርስም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ቴርሞስታቱ በድስት ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብሎ መጣል ደህናውን ዕቃ መጣል ነው። በትክክለኛው ሙቀት መክፈት መጀመሩንና ሲቀዘቅዝ ጥርቅም ብሎ መዘጋቱን ካያችሁ ይበቃል።

ይኸው ከፍታ የራዲያተር ክዳኑንም ወሳኝ ያደርገዋል። ክዳኑ መክደኛ ብቻ አይደለም፤ ፀደዩ በውስጡ ግፊት ይይዛል። የእኔ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር አለ፣ ከውጭው አየር በላይ 0.9 ባር ማለት ነው። በዚህ ግፊት ንጹሕ ውሃ እንኳ በሱሉልታ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ግን በ91 ይፈላል። የኮሮላዬ የራዲያተር ማራገቢያ ደግሞ የሚነሣው በ93 ዲግሪ ነው። አስቡት፤ ክዳኑ ከላላ ማራገቢያው ገና ሳይነሣ ውሃው መፍላት ይጀምራል! የአሮጌው ክዳን ላስቲክ ደርቆ ዙሪያውን ተሰነጣጥቆ ነበር። ሌላም ምልክት ነበረው፦ ማታ ወደ መጠባበቂያ ጎድጓዳው የተገፋው ውሃ ጠዋት ወደ ራዲያተሩ አይመለስም ነበር፤ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ መልሳ አትስብም ማለት ነው። አዲስ ክዳን ከሌላው ወጪ ሁሉ የረከሰው ነው፤ ቁጥሩ ግን የግድ ተመሳሳይ ይሁን። ሞተሩ ግሎ እያለ ደግሞ ክዳኑን በጨርቅም ይዛችሁ ቢሆን አትንኩት፤ ፊትን የሚያቃጥል ውሃ ነው የሚፈነዳው።

ማራገቢያውን መፈተሽ ቀላል ነው። እንደ እኔ ባለው ኮሮላ ራዲያተሩ አጠገብ ያለውን የሙቀት ስዊች ሶኬት ስትነቅሉት ቁልፉ በርቶ ከሆነ ማራገቢያው መዞር አለበት። የእኔ ዞረ። ካልዞረ ወደ ፊውዙ፣ ወደ ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እና ወደ ማራገቢያው ሞተር መሄድ ነው።

ኩላንቱን (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹን) ከንጹሕ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅዬ ሞላሁ። አየር እንዳይታሰር የመኪናውን ፊት ወደ ዳገቱ አዙሬ፣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ሙሉ ሙቅ ላይ አድርጌ፣ ክዳኑን ክፍት ትቼ ገና ቀዝቃዛ የሆነውን ሞተር አስነሣሁ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ጎረቤቴ «አንተ አፍስስ፣ እኔ ቀስ እያልኩ ነዳጅ ልስጥልህ» ብለው ገቡልኝ። ደቃቅ አረፋ ለረጅም ጊዜ ሲወጣ ቆይቶ ድንገት አንድ ትልቅ ቡልቅታ መጣና ውሃው በአንድ ጊዜ ጎደለ። «አሁን ከማሞቂያው ወጣ» አሉ ጋሼ፤ ልክ ነበሩ። ከዚያ ሞልቼ ከደንኩት። አሮጌውን ኩላንት በጀሪካን አጠራቅሜ አስቀምጫለሁ። ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ላምና ውሻ በሚውልበት ሰፈር ሣር ላይ መድፋት አይገባም።

ቴርሞስታቱ ከገባ ወዲህ መርፌው መሐል ቆሞ ይውላል፣ ዳገቱም ላይ አልፈላም። ማሞቂያው ግን ተሻሻለ እንጂ እንደሚፈለገው አልሆነም ነበር። ከሞተር ክፍሉ ወደ ጋቢና የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በእጄ ዳሰስኩ። ሁለቱም ትኩስ ቢሆኑ ችግሩ ውስጥ ያለው የአየር መክፈቻ ወይም ገመዱ ነው፤ ሁለቱም ቀዝቃዛ ቢሆኑ ውሃ ጎድሏል ወይም አየር ታስሯል። የእኔ አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ለብ ያለ ነበር። ትኩሱን ውሃ ወደ ማሞቂያው የሚያሳልፈው ቫልቭ ገመድ በትክክል መክፈቱን አይቼ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሁለቱን ቱቦዎች ነቅዬ በአትክልት ማጠጫ ጎማ፣ በቀስታ ግፊት፣ ውሃው በሚወጣበት በኩል አስገባሁ። መጀመሪያ የወጣው እንደ ቀይ አፈር የደፈረሰ ዝገት ነበር። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላበት የኖረ ሞተር እንዲህ ነው የሚሆነው። እስኪጠራ ድረስ ወዲያና ወዲህ አጠብኩት፤ አሁን ሁለቱም ቱቦዎች እጅ አያስቀምጡም፣ መስታወቱም ከተማ ሳልደርስ ይጠራል።

የቀረኝ ኤሲው ነው። እኛ አካባቢ ለማቀዝቀዝ ብዙም አያስፈልግም፤ ነገር ግን አየሩን ስለሚያደርቅ ከማሞቂያው ጋር አብሮ ሲሠራ የመስታወቱን ጉም በፍጥነት ያጠፋል። ቁልፉን ስጫነው ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር አይያዝም። ፊውዙ ደህና ነው፣ ሪሌውንም ከሌላ ተመሳሳይ ጋር አቀያይሬ አይቻለሁ። ጋዙ ሲያንስ የግፊት ስዊቹ ኮምፕሬሰሩ እንዳይነሣ ስለሚያደርግ አሁን የምጠረጥረው የጋዙን ማነስ ነው። ጋዙን ግን ቤት ውስጥ አልነካውም፤ ጌጅና መሙያ ማሽን ያለው ባለሙያ ፍሳሹን ፈልጎ ሳይደፍን በላዩ መሙላት ትርጉም የለውም። ሱሉልታ ወይም አዲሱ ገበያ አካባቢ ፍሳሽ በናይትሮጅን ፈትሾ የሚሞላ ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ።