ቁጥሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምሠራበት ጋራዥ ደንበኛው አብዛኛው የታክሲና የኡበር ሹፌር ነው። ካምሪ ይገባል፣ ካምሪ ይወጣል። አልፎ አልፎ ግን ቅዳሜና እሁድ ትራክ ላይ የሚነዱ ልጆችም ብቅ ይላሉ። ስለ አንዱ ላውራችሁ።

ልጁ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሐበሻ ነው። ያመጣው ቢኤምደብሊው ኤም3 ነው፤ ኢ46 የሚሉት፣ እስከ 2006 ድረስ የተመረተው። ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት ትራክ ላይ ይነዳዋል። "ረጅሙን ቀጥታ መንገድ ጨርሼ ለመጀመሪያው ኩርባ ፍሬን ስይዝ ኋላው ይንቀዠቀዣል። ኩርባ ውስጥ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳም ያው ነው" አለኝ። ከሌላ ጋራዥ የተሰጠውን የአላይመንት፣ ማለትም የጎማ አቀማመጥ ልኬት፣ ወረቀትም ይዟል። ቁጥሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ልኩ ውስጥ ነው ማለት ነው። "የኋላውን ቶ ጨምርልኝ፣ በቃ" አለ።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ቶ ማለት ጎማዎቹን ከላይ ሆናችሁ ብታዩአቸው ፊታቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ነው። የኋላ ጎማ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲያይ መኪናው ይረጋጋል። ወደ ውጭ ካየ ግን፣ በተለይ ፍሬን ሲያዝ፣ ኋላው የራሱን መንገድ ይፈልጋል።

ማሽኑ ላይ አወጣነውና ለካነው። ከኋላ በየጎኑ ወደ ውስጥ 0.12 ዲግሪ። ወረቀቱ አልዋሸም።

የጋራዡ ባለቤት ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። ሱማሌ ተራ ያደጉ መካኒክ ናቸው፤ ስክሪን ብዙም አይወዱም። "ቁጥሩን ተወውና ቦኮላውን እየው" አሉኝ። ቦኮላ ማለት ብረትና ብረት በሚጋጠሙበት መካከል የሚገባው ላስቲክ ነው።

የዚህ መኪና የኋላ እግር አሠራር እንዲህ ነው። እያንዳንዱን የኋላ ጎማ አንድ ረጅም ብራቾ፣ የብረት ክንድ፣ ይዞታል። የብራቾው የፊት ጫፍ ከቦዲው ጋር የሚገናኘው በአንድ ቦኮላ ብቻ ነው። ቦኮላውን ያቀፈው ብረት በሦስት ቡሎን ይታሰራል፤ ቀዳዳዎቹ ሞላላ ስለሆኑ ቶ የሚስተካከለውም እሱን ገፋ ሳብ በማድረግ ነው። እንግዲህ የቦኮላው ላስቲክ ከተቀደደ ያስተካከላችሁት ቁጥር ምን ላይ ይቆማል? ፍሬን ሲያዝ አስፋልቱ ጎማውን ወደ ኋላ ይስበዋል። ጎማው ደግሞ ከቦኮላው ወጣ ብሎ ስለተቀመጠ ፊቱ ወደ ውጭ ይጠመዘዛል። ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ልጁ ኩርባ ውስጥ የሚሰማው ይሄንኑ መመላለስ ነው።

ጋሼ ረጅሙን ፌሮ አንስተው በብራቾውና በቦዲው መካከል አስገቡና ገፋ አደረጉት። ስክሪኑ ላይ 0.12 የነበረው ወረደ፣ ዜሮን አለፈ፣ ኔጌቲቭ ገባ፤ ጎማው ወደ ውጭ ዞረ ማለት ነው። አረንጓዴው ቀይ ሆነ። ለቀቅ ሲያደርጉት መልሶ አረንጓዴ። የላስቲኩ ስንጥቅ በገፉ ቁጥር ይከፈታል፣ ይዘጋል።

"እስቲ ይድገሙት ጋሼ" አለ ልጁ። ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው።

ይሄ እንግዲህ በአንድ ሽማግሌ ክንድ ነው። ከ1500 ኪሎ በላይ የሚመዝን መኪና በሙሉ ፍሬን ሲያዝ ምን እንደሚሆን አስቡት። ቶ ብንጨምርለት ኖሮ ችግሩ ለጊዜው ይሸፈን ነበር። ጎማውን ግን ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ሲመላለስ ይጨርሰው ነበር። ሰው ካምበርን፣ የጎማውን ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዘንበል፣ ያማል እንጂ ጎማ የሚበላውስ በዋናነት ቶ ነው።

ልጁ ወዲያው "ጠንካራውን የፖሊዩረቴን ቦኮላ እናስገባ" አለ። ጋሼ እምቢ አሉ፤ እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይዞርም፣ ይጠማዘዛልም። ድርቅ ያለ ቦኮላ እዚያ ላይ ይይዘዋል። አዲስ የፋብሪካውን ላስቲክ አስገባንና ከግራና ቀኙ ቀጫጭን ማገጃ ዲስኮች ጨመርን። የሁለቱ ቦኮላ ዋጋ ከአንድ የትራክ ጎማ ያንሳል። በዚያው የኋላውን ወለል በባትሪ አየነው፤ ይህ ሞዴል እዚያ ጋ በመሰንጠቅ ይታወቃል። ስንጥቅ የለም። ተመስገን፣ እሱ ሌላ ወጪ ነው።

ከዚያ አላይመንቱን እንደ አዲስ ጀመርን። ልጁን ሹፌር ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ ትራክ ላይ መኪናው ባዶውን አይሄድምና። የጎማ ነፋስ ተስተካከለ። ከኋላ መጀመሪያ ካምበር፣ ወደ ኔጌቲቭ 2 ዲግሪ። ቀጥሎ ቶ፣ ምክንያቱም ካምበር ሲነካ ቶም አብሮ ይሄዳል። የፊቱ መጨረሻ ነው፤ መሪው ቀጥ የሚለው ኋላው በሚያይበት አቅጣጫ ነውና። ቶውን የተውነው ልጁ ይዞት በመጣው በዚያው 0.12 ላይ ነው።

"ታዲያ ምኑ ተለወጠ?" አለ አዲሱን ወረቀት ከአሮጌው ጎን ይዞ። ጋሼ መልስ ሳይሰጡት ፌሮውን አቀበሉት። ራሱ ገፋው። ቁጥሩ ነቅነቅ አለና ቆመ።

ከሰሚት ፖይንት ሲመለስ ፍሬን ላይ ኋላው ቀጥ እንዳለ ነገረን። ደስ አለን። አሁን ያስቸገረው ፊቱ ነው፤ ኩርባ ላይ አልታጠፍ ብሎ ወደ ውጭ ይገፋል። ድሮም ነበረበት፣ ኋላው ሲያስደነግጠው አላየውም እንጂ። የዚህ ሞዴል የፊት ካምበር በፋብሪካው አሠራር ለትራክ አይበቃም፣ ከላይ ካምበር ፕሌት፣ ካምበሩን ለማስተካከል የሚያስችል ሳህን፣ ይፈልጋል። ዋጋውን ነገርኩት። ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ እያሰበ ሄደ።